በግራ በኩል የሚመጣ ኳስ

«አባዬ በዚህ አውቶቡስ እንዳትሄዱ ብሎናል» አለች ልጅቷ።

ያለችው ጮክ ብላ ነው። ልጅ ናትና የታዘዘችውን መናገሯ ነው። የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ደብተሯን በደረቷ አቅፋ፣ ታናሽ ወንድሟን በእጇ ይዛ ከፌርማታው ጣሪያ ሥር ቆማለች። ትኬት ቆራጯ ልጆቹን ወደ ውስጥ ልትስብ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ። «ምን አልሽ አንቺ? የማን አውቶቡስ መሰለሽ? ጋሼን ረሳሻቸው እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ልጅቷ በመስኮቱ ወደ ሾፌሩ ቀና ብላ ፈገግ አለች፤ እንደ ወትሮዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችው፤ ከዚያ ወንድሟን ጎተት አድርጋ ወደኋላ አፈገፈገች። ሌላ አውቶቡስ ልትጠብቅ ነው። ሾፌሩ «ተያቸው፣ እንሂድ» አለና ማርሽ አስገባ። ከጀርባው የተቀመጡት ሁሉ ሰምተዋል፤ አንዲት ሴትዮ ጎረቤቷን በክርኗ ነካ አድርጋ አንድ ነገር ሹክ ስትላት በመስታወቱ አያት። ፊቱ ጋለ። የማያውቀው ሰው ልጅ ብትሆን ስቆ ያልፋት ነበር። ይቺ ግን የወዳጁ የረጅሙ ልጅ ናት፤ አንደኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ አንድ ቀን ሳያስከፍል ያመላለሳት፣ ዝናብ ሲጥል ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ከመንገዱ ወጥቶ ያደረሳት ልጅ። ከወር ወዲህ ፌርማታው ላይ ስትጠፋበት የትምህርት ሰዓቷ ተቀይሮ ይሆናል ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ከአባትየው ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» አለችው ትኬት ቆራጯ፣ ሰው ወርዶ ቀለል ሲላቸው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ነጭ ሴት ናት። ባል የላትም፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፣ እሷንም በየጠዋቱ ከሾፌሩ ጎን ካለው የፊት ወንበር ላይ ታስቀምጥና ትምህርት ቤቷ ደጃፍ ታወርዳታለች። «ኧረ ምን አጣላን!» አለ ሾፌሩ። «እንግዲያማ ደፍሮ ነው» አለች እሷ፤ «የሰው ውለታ የማያውቅ! እኔ ብሆን ዛሬውኑ ሄጄ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ። ልጆቹን ስንት ዓመት በነጻ ያመላለስክለት ሰው እኮ ኖት!» ስትናደድ አንተታና አንቱታው ይደባለቅባታል። ሾፌሩ ሳቀ፤ ስለ እሱ ስትቆጣ ደስ ይለዋል። ሳቁ ግን ከጉሮሮው አልዘለቀም። ነገሩ እንደ አጥንት ተሰንቅሮበት እስከ እኩለ ቀን አብሮት ዋለ።

ረጅሙ ማለት አናጢው ነው። ቁመቱ በበር መቃን ስለማያስገባው አንገቱን ሰበር አድርጎ መግባት ልማዱ ሆኖ፣ በር በሌለበትም ይሰብራል፤ ልጅቷ ሰላምታዋን የወረሰችው ከዚያ ይመስላል። ሾፌሩና እሱ የተዋወቁት በመረብ ኳስ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ የሰፈሩ ጎልማሶች ይጫወታሉ፤ ከአስፋልቱ በላይ የሚኖሩት «ላይኞች»፣ በታች የሚኖሩት «ታችኞች» ተብለው። የተሸነፈ ወገን ሁለቱን የብረት ምሰሶ ነቅሎ ተሸክሞ መጋዘን ያስገባል፤ ምሰሶ ተሸክሞ መታየት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የሚያስፎግር ውርደት ነው። አንድ ቅዳሜ ላይኞች ሰው ጎድሏቸው ከመንገድ ዳር ሻይ ሲጠጣ የነበረውን ሾፌር በግድ ጎትተው አስገቡት፤ በዚያው ቀረ። አጭር ስለሆነ ከመረቡ በላይ መምታት አይሆንለትም፤ ግን ኳስ ሲያነሳ ጣቶቹ ላይ ዓይን ያለ ይመስላል። እሱ ያነሳል፣ ረጅሙ ይመታል። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ በራሱ መጣ። የሾፌሩ ልጅ ስትዳር አልጋና ቁምሳጥኗን የሠራላት ረጅሙ ነው፤ የረጅሙ ሚስት በምጥ ስትያዝ ተሳፋሪ አውርዶ ያደረሳት ሾፌሩ ነው። ወንድም የለውም ሾፌሩ። ሰው ስንት ወንድም አለህ ሲለው «አንድ፣ እሱም አናጢ ነው» ይል ነበር።

እና የዓይኑን ነገር የነገረው ለእሱ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ በግራ ዓይኑ ዳር እንደ ጭስ ያለ ነገር መጣና እያደር ወደ መሀል ገፋ። ሐኪሙ ጠብታ አዘዘለት፣ የጠፋው እንደማይመለስም ሳይደብቅ ነገረው። ሾፌሩ ከሕክምናው እንደወጣ መሪውን ይዞ ሥራው ላይ ገባ። ምን ያድርግ? ከመንዳት ሌላ እጁ የሚያውቀው ሥራ የለም፣ አውቶቡሱ የሰው ነው፣ ባለንብረቱ ደግሞ ለሳል እንኳ ዕረፍት የሚሰጥ ሰው አይደለም። አንገቱን ወደ ግራ ጠምዝዞ መንዳት ለመደ፤ አንገቴን አሞኝ ነው የሚል ምክንያትም አዘጋጀ። በዚያ ሰሞን ኳስ በግራ በኩል መጥቶ ፊቱን ገጨው። ወደ ቤት ሲመለሱ ረጅሙ «አላየኸውም አይደል?» አለው። ሾፌሩ እዚያው መንገድ ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገረው፣ አለቀሰም። ረጅሙ ትከሻውን ይዞ «እኔና አንተ ጋ ይቅር» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ በግራው ሲመጣ ረጅሙ ከጎኑ «መጣልህ!» ብሎ ይጮሃል፤ ሾፌሩም ድምፁን ተከትሎ ይዞራል፣ ያነሳል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያለው ሰው ምን ጎደለው እያለ ነበር የሚኖረው።

ምሳ ሰዓት አውቶቡሱን በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ አቁሞ በእግሩ ቤት ሲገባ ሚስቱ ገና ከገበያ መድረሷ ነበር። ሁለት ከባድ ዘንቢል ጠረጴዛው ሥር ጥላ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ረጅሙ የሠራው ጠረጴዛ፣ የልጃቸው የሠርግ ፎቶ፣ ከመስኮቱ በታች ጨርቅ የለበሰ የስፌት መኪና። «በእግርሽ መጣሽ?» አላት፤ «ምናለ በኔ መኪና ብትመጪ፣ በዚያ ሳልፍ?» «መራመድ ጥሩ ነው ብለውኛል» አለች። ማን እንደመከራት አልተናገረችም። ሩዝና አትክልት አቀረበች፤ የውሃውን ብርጭቆ በቀኙ በኩል አስቀመጠችለት፣ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ነው የምታስቀምጠው። ሽንኩርት ዋጋው በእጥፍ መጨመሩን፣ ሻጩ ደግሞ የበሰበሰውን ከሥር ቀብሮ ሊሸጥላት እንደነበር፣ እሷም ከረጢቱን እዚያው ዘርግፋ እንዳሳየችው እየነገረችው በሉ። በመሀል «የረጅሙ ልጅ ዛሬ አልሳፈርም አለችኝ። አባቷ ከልክሏቸው ነው አሉ» አለ። የሚስቱ ማንኪያ ሳህኑ ላይ ቆመ። አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት አየ፤ ከዚያ የከፈተችውን አፍ በሩዝ ዘጋችው። «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» አለች። ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ይጮሃል፤ ባልና ሚስቱ ግን ሁለት ሆነው የተቀመጡ አይመስሉም ነበር፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሚበሉ ይመስሉ ነበር። ሳህኑን ስታነሳ ጀርባዋን እንደሰጠችው «ዛሬ ባትጫወትስ?» አለችው። «ለምን?» «እንዲያው... ደክሞህ እንደሆነ ብዬ ነው።» «እኔ እኮ በሳምንት ያለችኝ ደስታ ያቺ ናት» አለና ቁምጣና ማልያውን ይዞ ወጣ።

መጀመሪያ የሄደው ወደ እንጨት ቤቱ ነው። ረጅሙ አንድ የአልጋ እግር ማሽን ላይ አስሮ ይልጋል፤ የእንጨት ብናኝ ቅንድቡ ላይ ሰፍሯል። ሾፌሩን ሲያየው ማሽኑን አጠፋ። «ልጅህ ዛሬ ሰው ፊት አዋረደችኝ» አለ ሾፌሩ፤ በቀልድ ሊለው አስቦ ነበር፣ ሲወጣ ግን ቀልድ አልሆነም። ረጅሙ ብናኙን ከፊቱ በክንዱ ጠረገ፣ ጠርጎ ሲጨርስም እንደገና ጠረገው። «ያ ሌላኛው አውቶቡስ እኮ በትምህርት ቤታቸው በር ላይ ነው የሚቆመው» አለ። «ያንተ ሲሆን አስፋልት መሻገር አለባቸው። ትንሹ ደግሞ እጅ ያመልጣል። እናታቸው ስለምትጨነቅ ነው። ምነው አንተም! ብነግርህ ኖሮ ጥሩ ነበር፣ ረሳሁት።» ሾፌሩ ሲሰማው ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳለት። እውነት ነው፣ አስፋልት መሻገር አለ። እንዴት ይህን አላሰበም? ወዳጁን በከንቱ ጠርጥሮ ግማሽ ቀን በመቃጠሉ አፈረ፤ በማፈሩም ከወትሮው በላይ ሞቅ አለው። «እኔማ ተጣላኸኝ ብዬ!» አለና ጀርባውን ቸብ አደረገው። ረጅሙም ሳቀ፤ የማሽኑን ሶኬት ነቅሎ ሱቁን ዘጋ። ትከሻ ለትከሻ ሆነው፣ ማለትም የአንዱ ትከሻ ከሌላው ክርን ጋር ሆኖ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ወረዱ።

ግቢው ውስጥ ምሰሶዎቹ ተተክለዋል፣ መረቡ ተወጥሯል። ታችኞችን የሚመራው የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መስመሩን በኖራ ያሰምራል። ከላይኞች ወገን ፋርማሲስቱ ጉልበቱን በፋሻ እየጠቀለለ ነው። ዛሬ ታችኞች ዘንድ አዲስ ሰው አለ፦ የመምህሩ የሚስት ወንድም፣ ከሌላ ከተማ ለጥየቃ የመጣ፣ ክንዱ እንደ ምሰሶ የወፈረ ወጣት፤ ድሮ ክለብ ውስጥ ተጫውቻለሁ ይላል። ሾፌሩ ማልያውን እየለበሰ «ሰው ከውጭ አስመጣችሁ? ምሰሶ መሸከም ሰለቻችሁ አይደል!» ብሎ አሾፈባቸው። ማሾፍ ይገባዋል። ከክረምቱ ወዲህ ላይኞች አልተሸነፉም ማለት ይቻላል፤ እሱም ኳስ እምብዛም አምልጦት አያውቅም። ዕድሜዬ ቢገፋም እጄ ጎበዘ ብሎ ለሚስቱ ፎክሮላታል። መምህሩ እንግዳውን ወደ ጥግ ወስዶ በጆሮው አንድ ነገር ሲነግረው፣ እንግዳውም ወደ ሾፌሩ አየት አድርጎ ጭንቅላቱን በመስማማት ሲነቀንቅ ሾፌሩ ተመልክቷል፤ ስለ ችሎታው እየነገረው ይሆናል ብሎ ደረቱን ነፋ።

እንግዳው የመጀመሪያውን ሰርቭ መታ። ኳሱ መረቡን ተሳልሞ በሾፌሩ ግራ በኩል መሬት ላይ ሲፈነዳ ሾፌሩ ድምፁን ብቻ ሰማ። ረጅሙ «መጣልህ!» ማለት የጀመረው ኳሱ ከወደቀ በኋላ ነው። ሁለተኛውም እዚያው። «መጣልህ!» ሾፌሩ ዞረ፣ እጁን ዘረጋ፣ አየር ጨበጠ። ሦስተኛው ትከሻውን መትቶ ወጣ። ነገሩ ግራ የሚያጋባው፣ ነጥብ ያገኙት ታችኞች ደስ አላላቸውም። አንዱ «ኧረ ቀስ!» ይላል፣ ሌላው ጫማውን ያያል። ፋርማሲስቱ ምክንያት ሳይኖረው «ዕረፍት!» ብሎ ጮኸ። እንግዳው ግን የክለብ ሰው ነው፣ ዕረፍቱን አልሰማ ብሎ አራተኛውን ለቀቀው። ኳሱ ሾፌሩን ጉንጩ ላይ አገኘው። ጆሮው ጮኸ፤ በአንድ ጉልበቱ አፈሩ ላይ ተንበረከከ።

«እሱ ላይ አትምታ ብዬህ የለም ወይ!» ብሎ መምህሩ ጮኸ፤ ፊሽካውን ከአንገቱ ነቅሎ መሬት ላይ ወረወረው።

እንግዳው በእጁ ላብ እየጠረገ በእውነት ተገረመ። ሰውየው ክፋት የለውም፤ የሰማውን የሰማው ሁሉም የመረብ ኳስ ተጫዋች እንደሚሰማው ነው። «በግራ በኩል አያይም ያልከኝ አንተው አይደለህ እንዴ?» አለ። «ደካማ ጎኑን ነገርከኝ፣ እዚያ መታሁ። ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

ሾፌሩ ከተንበረከከበት ሳይነሳ መጀመሪያ መምህሩን አየ፣ ቀጥሎ ፋርማሲስቱን፣ ቀጥሎ ሌሎቹን። አንዳቸውም «ምንድን ነው የሚያወራው?» አላሉም። የሚያስደነግጠው ይኼ ነው። ያልሰማ ሰው ይጠይቃል፤ ከእነዚህ ግን የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ሁሉም፣ ሳይፈልጉ፣ እንደ ተማከረ ሰው፣ ዓይናቸውን ወደ ረጅሙ አዞሩ። ሾፌሩ ተነሳ። ከክረምቱ ወዲህ የተጫወተው ጨዋታ ሁሉ አንድ በአንድ ከፊቱ አለፈ፤ ሁሉም ሰርቭ በቀኙ በኩል፣ ለስለስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚወረወር ኳስ። ሲያሸንፍ፣ ሲፎክር፣ ምሰሶ ተሸክመው ሲሄዱ ከኋላቸው ሲያፏጭባቸው። እነሱ ደግሞ እርስ በርስ እየተያዩ!

«ነገርካቸው» አለው ረጅሙን።

«ለክፉ መሰለህ?» አለ ረጅሙ። አንገቱን ሰበረ፣ በር በሌለበት። «በግራህ እንዳይመቱብህ ነው የነገርኳቸው። ቢጎዱህስ? ጨዋታውን ብትተወውስ? ያላንተ እኔ ለማን ነው የምመታው?»

«አዎ፣ እንዳትጎዳ ብለን ነው» አለ ፋርማሲስቱ።

ሾፌሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ምናልባት ይቅር ይል ነበር። ምሥጢሩ ወጣ፣ ግን በፍቅር ነው የወጣው፤ ሰው እንዲህ ዓይነቱን እያለቃቀሰም ቢሆን ይውጠዋል። ግን ጠዋት የተሰነቀረችው አጥንት ከጉሮሮው አልወረደችም ነበር። «ልጆችህስ?» አለ። ረጅሙ ዓይኑን ወደ ኖራው መስመር አወረደ። «አስፋልት መሻገር ስላለባቸው ነው አይደል?» አለ ሾፌሩ። «ንገረኛ! በሚስትህ ሳታሳብብ ንገረኝ!» ረጅሙ የማልያውን ጫፍ በሁለት እጁ ይጠመዝዛል። «አባት ነኝ» አለ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

አሁን ሾፌሩ ማሰብ ጀመረ፤ ባላሰበ ይሻለው ነበር። የመምህሩ ሚስት በየማለዳው ከሁለተኛው ፌርማታ ትሳፈር ነበር፤ ከስንት ጊዜ ወዲህ ነው ያላያት? የፋርማሲስቱ እናት ለሕክምና ሲሄዱ ከሱ በቀር በማንም አልሄድም ይሉ ነበር፤ ሞቱ እንዳይባል ባለፈው ሳምንት ከሌላ አውቶቡስ ሲወርዱ በዓይኑ አይቷቸዋል። እና ሚስቱ። ሁለት ዘንቢል ተሸክማ በእግሯ የምትመጣው ሚስቱ። «የእናንተም?» አለ ዙሪያውን እያየ። «ሁላችሁም የየራሳችሁን አወረዳችሁ?» መምህሩ የወረወረውን ፊሽካ ጎንበስ ብሎ አነሳ። «ታዲያ ከፈራችሁ እኔን ለምን አላወረዳችሁኝም? አንድ ሰው ጠፋ ከመሀላችሁ፣ ወንድሜ ተው፣ መሪውን ልቀቅ የሚለኝ?»

«እንጀራህን እንዝጋብህ?» አለ መምህሩ፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ቁጣ ነበረው፣ የተያዘ ሰው ቁጣ። «አሳብቀን ከሥራ እናስወጣህ? እንዲያ ብናደርግ ወዳጅ ልትለን ነበር?»

«የሚሳፈረው ሌላው ሰውስ? እነዚያስ የማን ናቸው?»

ይህን ጊዜ ረጅሙ ቀና አለ። እንባ ዓይኑ ላይ ሞልቷል። «አንተስ?» አለው። «አንተስ አታውቅም ነበር?»

ሾፌሩ በዚህ ጥያቄው ይበልጥ ጠላው። ኳሱን ከእግሩ ሥር አንስቶ አናጢው ደረት ላይ ወረወረውና ማልያውን እንኳ ሳይቀይር፣ ልብሱን በእጁ ጠቅልሎ ከግቢው ወጣ። ከኋላው የጠራው የለም።

አውቶቡሱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ቆሟል። የምሽቱ ምልልስ የሚጀመርበት ሰዓት ደርሶ ትኬት ቆራጯ ተሳፋሪ ጠርታ ሞልታለች፤ በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ዛሬስ ኳሱ በላዎት! ሰው እየተቆጣኝ ነው» አለችው። ጉንጩን ስታይ «ምን ነካዎት?» አለች። በአጠገቧ አልፎ ወደ ውስጥ ወጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሳያዘው እጁ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ። የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፣ ሰው ቢሞትም እጁ ብቻውን የሚነዳ ይመስለዋል። አንገቱን ጠምዝዞ የግራውን መስታወት ሲያይ ወዳጆቹ ከበሩ ወጥተው አጥሩን ተደግፈው ተደርድረዋል። ያዩታል። አውቶቡሱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለም ያያሉ፤ ሻንጣ የታቀፉ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ተቃቅፈው የቆሙ። ከመሀላቸው ረጅሙ ተነጥሎ ወደ አውቶቡሱ መራመድ ጀመረ።

መጣ አለ ሾፌሩ በሆዱ። አሁን መስኮቱ ጋ ይመጣና «ውረድ፣ ወንድሜ» ይለኛል። ቢለኝ እወርዳለሁ። ቢለኝ ሁሉንም ይቅር እለዋለሁ፤ ቁልፉን በእጁ አስቀምጥና አብረን ወደ ባለንብረቱ ቤት እንሄዳለን፣ ነገም ከነገ ወዲያም ምን እንደምበላ ባላውቅም ወንድም ይኖረኛል። እንዲህ እያሰበ መስኮቱን እስከ መጨረሻው አወረደው። ረጅሙ ግን መስኮቱ ጋ አልመጣም። አውቶቡሱን አልፎ አስፋልቱ መሀል ገባ፤ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ፤ በየቅዳሜው ከጨዋታ በኋላ እንደሚያደርገው ረጅም እጁን አንስቶ አወዛወዘ። «ና! ና! ባዶ ነው፣ ውጣ!»

አጥሩን የተደገፉት ዝም ብለው ያዩ ነበር።

ሾፌሩ የሚወጋውን ነገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያየ መስሎት ነበር፤ ገና አላየም ኖሯል። ልጆቹን የደበቀ ሰው፣ የሰውን ልጆች በገዛ እጁ እያወዛወዘ ወደ መንገድ ያስወጣለታል። ይህንንም ወዳጅነት ይለዋል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረ፤ በቁምጣና በላብ በራሰ ማልያ እንደቆመ «ውረዱ» አለ። ሰው አጉረመረመ። አንዱ «ሞልተን ስንጠብቅ ቆይተን!» አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ምነው ልጄ፣ መኪናው ተበላሸ?» ሲሉ ጠየቁት።

«መኪናው ደህና ነው እናቴ። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። የግራ ዓይኔ አያይም» አለ።

ከኋላ አንድ ወጣት ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ የሾፌሩን ፊት ሲያይ ሳቁን አቋረጠ። ሰው መውረድ ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ እየተጋፋ፣ እሳት እንደገባበት ቤት። ሕፃን ያዘለች ሴት በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችውም። አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ «ስንት ሰው ልትፈጅ ነበር አንተ!» ብሎ ሰደበው፤ ሾፌሩም ስድቡን ቆሞ ሰማ። ረጅሙ አስፋልቱ ላይ እጁን እንዳነሳ ቀረ፤ ሰው ሲወርድ ሲያይ ቀስ ብሎ አወረደው፣ ወደ አጥሩም ሊመለስ ወደ አውቶቡሱም ሊመጣ እግሩ አልታዘዘውም።

ትኬት ቆራጯ የተሳፋሪውን ሁሉ ክፍያ መልሳ ስትጨርስ ወደ ውስጥ ወጣች። ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ባለው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አደረገች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«እነሱ ያውቃሉ?» ወደ አጥሩ በአገጯ ጠቆመች።

«ያውቃሉ!» አለ ሾፌሩ። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመው ሁሉ በዚያች ቃል ወጣ። «ሁሉም ያውቃሉ። ልጆቻቸውን ከዚህ አውቶቡስ አውርደው፣ ለእኔ ግን ትንፍሽ ሳይሉ! ወንድሜ ያልኩት ሰው እንኳ! ይታይሽ፣ የየራሳቸውን ብቻ አድነው...» ጠዋት እንዳደረገችው እንድትቆጣለት ጠበቀ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል የቀረችለት እሷ ነበረች።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቿ ውስጥ ለእሱ የተዘጋጀ ቁጣ አልነበረም።

«እኔስ?» አለች። «ልጄን በየቀኑ እዚህ ወንበር ላይ አላስቀምጥም ነበር? ለእኔስ ማን እንዲነግረኝ ነበር የፈለግከው?»

መልሱንም አልጠበቀችም። የትኬት ቦርሳዋን ከአንገቷ አውልቃ መሪው ላይ አስቀመጠችና ወረደች።